ከአንጎለላ እስከ ቆንስላ መስኮት

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ወደ ውጭ አገር ጉዞ ለሚሰናዱ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ይህን ብርድ ችላችሁ፣ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በተርጓሚነቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አንኮበር ወረዳ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ተቀምጬ የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ ስተረጉም ኖሬ ወደ አገሬ ተመልሻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ አንድ የውጭ አገር ኤምባሲ የሚሄድ ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ያልመጣበት ሳምንት አልነበረም ማለት እችላለሁ። የደስታውንም የሐዘኑንም ፊት አይቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ነው።

ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ፈረንሳይ አገር ልትወልድ ቀኗ ቀርቦ፣ ሄደው ሊያርሷት ቪዛ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ገቡ። አራት ኪሎ ታክሲ እየጠበቅን ረዳቱ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጣራ ክንዴን ያዙና «ልጄ፣ ፈረንሳይ እዚህ ድረስ መጥታለች እንዴ?» አሉኝ። ያ ሰፈር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይባላል። ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፉ ዐፄ ምኒልክ ሰፋፊ መሬት ሰጧቸው፤ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የኢጣሊያ ግቢዎች ዛሬም በዚያው ይዞታቸው ላይ ናቸው። ለጋሲዮን ማለት ከኤምባሲ በደረጃ ዝቅ ያለ የመልእክተኛ መቀመጫ ነው። መቀመጫው ኤምባሲ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል፤ የቀድሞ ስሙ ግን በታክሲ ረዳቶች አፍ ይኖራል።

የእኚያ እናት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። የተማሩ ሰዎች ጭምር «ኤምባሲ ግቢ ከገባህ ከኢትዮጵያ ወጣህ ማለት ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዲህ አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 22 የሚለው ግቢው አይደፈርም ነው፤ ያለ መሪው ፈቃድ የአገሩ ፖሊስ አይገባበትም። መሬቱ ግን የአስተናጋጁ አገር ነው። አንቀጽ 41 ደግሞ ዲፕሎማቱ የሚኖርበትን አገር ሕግ እንዲያከብር ያዝዛል። ይህን የምናገረው የሕግ ትምህርት ለመስጠት አይደለም። በዚያ በር ሲገቡ ትከሻቸው የሚወድቅ፣ ድምፃቸው የሚጠፋ ስንት ጎበዞች አይቻለሁ። በገዛ አገራችሁ መሬት ላይ ቆማችኋል፤ እንግዳው እሱ ነው። በእንግዳው ክፍል ውስጥ የሚሠራው ወግ ግን የእንግዳው ነው፤ ችግሩ ሁሉ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

አንድ ነገር ልለይላችሁ። ኤምባሲ መንግሥትና መንግሥት የሚነጋገሩበት ነው። ቆንስላ፣ ወይም በኤምባሲው ውስጥ ያለው የቆንስላ ክፍል፣ ከሰው ጋር የሚገናኘው ነው፦ ቪዛ ይሰጣል፣ ሰነድ ያረጋግጣል፣ ለራሱ ዜጎች ፓስፖርት ያድሳል፣ የተወለደላቸውን ልጅ ይመዘግባል፣ የታሰረባቸውን ይጠይቃል። እናንተ የምትቆሙት እዚህኛው መስኮት ፊት ነው።

እኛ ሸዋዎች የመስኮቱን ሌላኛውን ወገንም እናውቀዋለን። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ጫጫ አካባቢ አንጎለላ አለች፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተቀመጡባቸው ከተሞች አንዷ፣ የምኒልክም የትውልድ ቦታ። በ1841 እ.ኤ.አ. ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ ካፒቴን ከሕንድ ተነሥቶ፣ ታጁራ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ ወደ እኛ መጣ። አልዩ አምባ ሲደርስ ግን ዝም ብሎ አልወጣም፤ የንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እስቲ አስቡት፣ የዚያን ጊዜዋ ኃያሏ መንግሥት መልእክተኛ ከነአጃቢዎቹ፣ ከነስጦታው፣ አልዩ አምባ ላይ ቪዛ ሲጠብቅ! ኋላ ተፈቅዶለት ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ለአገሩ ተመሳሳይ ውል ከንጉሡ ተዋዋለ።

ለሃሪስ ነገሩን ያቀናለት ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው። ክራፕፍ ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሸዋ ገብቶ፣ አማርኛ ተምሮ፣ የቤተ መንግሥቱን ወግ አይቶ ነበር፤ አስተርጓሚ ሆነለት። የክራፕፍ ባልደረባ ኢዘንበርግም የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ በዚያው በ1841 ለንደን ላይ አሳተመ። እኔ በሙያዬ ምክንያት ከሃሪስ ይልቅ ክራፕፍ ይበልጥብኛል። ስጦታ የማንንም በር ያስከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ የሚያስኬደው ግን ቃል ነው።

ቃል ሲሳሳት ምን እንደሚሆንም ይህች አገር ከማንም በላይ ታውቃለች። በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የምትባል ቦታ አለች፤ ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ሰፍረውባት ነበር፤ መሪያቸው አንቲኖሪ ሞቶ የተቀበረው እዚያው ነው። ኋላ አንቶኔሊ የሚባለው የኢጣሊያ መልእክተኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋለ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ተስማምተው የተገደዱበት ነገር ሆኖ ተጻፈ። የአንድ ግሥ ልዩነት ናት። ዐድዋ ላይ ስንት ሺህ ሰው ወደቀ! ከዚያም ቀደም ሲል ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታስሯል፤ እሱን ለማስፈታት ጦር መጥቷል፤ መቅደላ ላይ የሆነውንም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚያ ደግሞ ቃሉ አልተሳሳተም፤ መልስ አጣ እንጂ።

እንግዲህ እኔ በሃያ ዓመት ውስጥ ያየሁት በመንግሥታት ደረጃ የሆነው ነገር በአንድ ገበሬ የልደት ማስረጃ ላይ በትንሹ ሲደገም ነው። ቪዛ ተከልክለው የሚመለሱት ሁሉ የተከለከሉት ድኻ በመሆናቸው ይመስላቸዋል። ብዙዎቹን ያስመለሳቸው ግን የራሳቸው እውነት ሁለት ዓይነት ሆኖ መጻፉ ነው።

ከስም እንጀምር። እኛ ስም አለን፣ የአባት ስም አለን፣ የአያት ስም አለን። የቤተሰብ ስም የለንም። የእነሱ ቅጽ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ይዞ ይጠብቃችኋል። አንዱ ወንድም የአባቱን ስም ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን፤ መዝገቡ ላይ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ባዕዳን ይሆናሉ። ባልና ሚስትም ስማቸው የማይገናኝ ሆኖ ያገኙታል፤ በኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም እንደማትጥል የማያውቅ ቆንስል ይጠይቃል፤ መጠየቁ ተገቢ ነው። ፓስፖርቱ ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይታችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር አስማሙ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት ተጽፎ አይቻለሁ፤ አራቱም የአንዲት ልጅ ነበሩ፦ አንዱ ከስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ አንዱ ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ፣ አንዱ ከፓስፖርት፣ አንዱ ከባንክ ደብተር።

ቀኑ ከስሙ የባሰ ነው። «የፈረንጁን ለማግኘት ስምንት ደምር» የሚል ትምህርት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ብዙ ሰው ግን ጎድቷል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የእነሱ ታኅሣሥ እስኪያልቅ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ጥራቸው ከገባ በኋላ ስምንት ይሆናል። ጥቅምት 10 ቀን 1990 የተወለደ ልጅ በእነሱ ኦክቶበር 20 ቀን 1997 ነው የተወለደው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29፣ በገና ዕለት የተወለደው ግን ጃንዋሪ 7 ቀን 1998 ይሆናል። ጳጉሜ 3 ቀን 1985 የተወለደች ልጅ ወረቀት ላይ አንድ ጸሐፊ ወሩን «13» ብሎ ጽፎት መጥቶልኛል፤ ኮምፒውተራቸው ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1993 ነበር።

ስለ እናቶች አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። «የልደት ቀኗን አታውቅም» እየተባሉ የሚታለፉ እናቶች አሉ። አንዷን ጠየቅኋቸው፦ «ልጅዎን መቼ ወለዱ?» «ኧረ እንጃ ልጄ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው፤ ንጉሡ በወረዱ በዓመቱ።» ምን የሚታወቅ ነገር ቀረ? የኅዳር ሚካኤል 12 ነው፤ ማግስቱ 13። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ በዓመቱ 1968። ኅዳር 13 ቀን 1968፣ በእነሱ ኖቬምበር 23 ቀን 1975። ከብዙ ጽሕፈት ቤቶች መዝገብ ይልቅ የታመነ መዝገብ በእናቶቻችን ልብ ውስጥ አለ፤ ተቀምጦ የሚጠይቃቸው ሰው ነው የጠፋው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ልደትም ጋብቻም ሞትም በሥርዓት የሚመዘገብበት መንገድ ተከፍቷል። ልጅ ለተወለደላችሁ ሁሉ የምለምናችሁ፦ ዛሬውኑ አስመዝግቡ። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚወጣ የልደት ማስረጃ ሁልጊዜ ጥያቄ ያስከትላል።

ሰዓትም አለ። የቀጠሮው ወረቀት ላይ «8:30» ተብሎ ይጻፋል። የእነሱ ጠዋት 8:30 የኛ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህ ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ወጣት በዕለቱ ጠዋት ተረጋግቶ ተነሥቶ፣ ሸኖ ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ላይ በደስታ ከበሩ ቆመ። ቀጠሮው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። የከፈለው ገንዘብም አልተመለሰለትም። የማታውቁትን ሰዓት ጠይቁ፤ ከተቻለም ከዋዜማው ግቡና እደሩ።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር እመጣለሁ።

አንድ የደብረ ሲና ሰው ነበር። ወንድሙ ሞቶበት፣ የወንድሙን ልጅ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ከገዛ ልጆቹ ሳይለይ አሳድጓታል። ዲቪ ደረሰውና ቤተሰቡን ይዞ ሊሄድ ወረቀቱን ወደ እኔ አመጣ። «ይህች ልጄ ናት» አለኝ። እኔም «ልጅ» ብዬ ተረጎምሁ። ቆንስላው የደም ምርመራ ጠየቀ። ውጤቱ አባቷ እንዳልሆነ አሳየ። ማመልከቻው ተዘጋ፤ በስሙም ላይ አታሏል የሚል ቃል ሰፈረ።

ያ ሰው አልዋሸም። እኔም ቃሉን አላጣመምሁም። «ልጄ» በኛ ዘንድ የወለድኋት ማለት ነው፤ ያሳደግኋትም ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘኋትን ልጅም «ልጄ» እላታለሁ። «ወንድሜ» የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል፣ የማደጎ ወንድም ሊሆን ይችላል፣ አብሮ አደግ ሊሆን ይችላል። ይህ የቋንቋችን ደግነት ነው፤ ማንንም ከቤት ውጭ አያስቀርም። የቆንስላው ቅጽ ግን «ልጅ» ሲል ከአብራክ የተከፈለ ወይም ፍርድ ቤት በጉዲፈቻ ያጸደቀው ማለቱ ነው። ጉዲፈቻ በኛም ሕግ ቢሆን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፤ የደብረ ሲናው ሰው ይህን ለማድረግ ዐሥር ዓመት ጊዜ ነበረው፤ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። እኔ ልነግረው እችል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «ልጄ» የሚለኝን ሁሉ ብዕሬን አስቀምጬ እጠይቀዋለሁ፦ «ወልደሃታል ወይስ አሳድገሃታል?» ጥያቄው የሚከብደው ሰው አለ፤ ይቆጣኛልም። ቢሆንም እጠይቀዋለሁ።

ጋብቻም እንዲሁ ነው። በቁርባን ወይም በሽማግሌ የተጋባ ሰው ዐሥራ አምስት ዓመት በትዳር ኖሮ፣ ኤምባሲ ሲጠይቀው ነው ለማስረጃ የሚሯሯጠው። የወረቀቱ ቀን የትናንት ይሆናል፤ ልጁ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ማስረጃው ላይ የተጋባችሁበት ቀንና የተመዘገባችሁበት ቀን ተለይተው መጻፋቸውን ከመፈረማችሁ በፊት እዩ። የሠርጉን ፎቶግራፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት አትጣሉ።

ከወረቀቱ በኋላ ፊት ለፊት መነጋገሩ ይመጣል። እኛ ልጅ ስናሳድግ «ዓይን አውጣ አትሁን» እንላለን። የታላቅን ዓይን ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው፤ መሬት መሬት እያዩ ዝግ ባለ ድምፅ መመለስ ጨዋነት ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ግን የተማረው በተቃራኒው ነው፤ ዓይኑን የሚሸሽ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስለዋል። ልጆቻችን ባለጌ ይሁኑ አልልም። ሲጠየቁ ቀና ብለው፣ ዓይን አይተው፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ።

«መቼ ነው የሚመለሱት?» ይላል ቆንስሉ። «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ይላሉ አባታችን። እሳቸው ያሉት ትልቅ ቃል ነው፤ ነገን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው፤ ሰው በነገ ላይ አይታበይም። በሌላው ቋንቋ ሲሰማ ግን «አላውቅም» ይሆናል። ከእምነታችሁ አንዲት ቃል ሳትጥሉ ቅደም ተከተሉን ብቻ ቀይሩት፦ «መጋቢት 20 ቀን እመለሳለሁ፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ።» ይህን የመከርኋቸው ቄስ ነበሩ፤ እጅግ ደስ አላቸው።

ስጦታም አለ። ሃሪስ ለሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና ሌላም ዕቃ ይዞ መጣ፤ በዚያ ዘመን ባዶ እጁን የመጣ መልእክተኛ እንደ ናቀ ይቆጠራል። አንድ ሽማግሌ በዚሁ የአባቶች ወግ ለቆንስላው ጸሐፊ ማር ይዘውላት ሄዱ። ዘበኛው በሩ ላይ መለሳቸው። «ማሬን ንቀው» ብለው አለቀሱ። አልናቁባቸውም። በእነሱ ዘንድ ጉዳይ ለያዘው ሠራተኛ የሚሰጥ ነገር፣ ማርም ይሁን ቅቤ፣ ፍርድ ማጣመሚያ ተደርጎ ይታያል፤ ሠራተኛዋ ብትቀበል ከሥራ ትባረራለች። ያቺን ሴት ከመባረር ያዳኗት መሆኑን ስነግራቸው ዕንባቸውን ጠረጉ።

ከሁሉ በላይ ሰዎቻችንን የሚያስቀይመው «እዚያው ላለመቅረትዎ ምን ማስረጃ አለዎት?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ሌባ አደረገኝ» ይላሉ። ይህ ጥያቄ ከሰውየው ክፋት የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የ1952 የኢሚግሬሽንና ዜግነት ሕግ በክፍል 214 ለጉብኝት የሚያመለክት ሰው ሁሉ፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ለመቅረት የሚሄድ ተደርጎ ይገመት ይላል። ቆንስሉ ዓለም ላይ ያለውን አመልካች ሁሉ በዚህ ግምት ይጀምራል፤ ማስረዳቱ የእናንተ ሸክም ነው። የሼንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት የቪዛ ደንብ መሠረት ከከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው፤ ይግባኝም ይባልበታል። ያንን ወረቀት ቀድዳችሁ አትጣሉ፤ አስተርጉማችሁ አንብቡት። መከልከል የሰው ዋጋ ማነስ አይደለም። «ኤምባሲ መለሰው» እየተባለ ሠፈር ውስጥ አንገቱን የደፋ ወጣት አውቃለሁ፤ ያን ያህል የሚያሳፍረው ምንም ነገር አላደረገም።

የሚያሳፍር ሌላ አለ። ደላላ ነው። «ቃለ መጠይቁን እኔ አስጠናሃለሁ፣ የባንክ ሒሳብህን እኔ እሞላልሃለሁ» የሚል። ለአንድ ሳምንት የተበደራችሁት ብር ሒሳባችሁ ውስጥ ገብቶ፣ ማመልከቻው ሲያልቅ ሲወጣ፣ ቆንስሉ ገቢና ወጪውን ከነቀኑ ያየዋል። ሐሰተኛ ወረቀት ማቅረብ በአሜሪካ ሕግ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል፤ ደላላው አይከለከልም፣ የእናንተ ስም እንጂ። እኔ በጣም የምቆጨው ግን በሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች የራሱ እውነተኛ ታሪክ ያለውን ልጅ የሌላ ሰው ታሪክ ያስጠኑታል። ዕርሻ ያለው ልጅ «ነጋዴ ነኝ» ይላል፤ ቆንስሉ ስለ ንግዱ ሁለተኛ ጥያቄ ሲጠይቀው አፉ ይያዛል። ስለ ገብሱ ቢጠየቅ ኖሮ እስኪመሽ ያወራ ነበር።

ኤምባሲ ለቪዛ ብቻ የሚኬድበት ቤት እንዳይመስላችሁ። አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ፣ የጀርመኑ ጎተ ተቋም፣ የኢጣሊያ የባህል ተቋም፣ የሩሲያው የፑሽኪን ማዕከል ለስንቱ ኢትዮጵያዊ ቋንቋ አስተምረዋል፤ የሥዕል ትርኢትና ሙዚቃ ይቀርብባቸዋል። ተማሪ ሳለሁ ከእነዚህ በአንዱ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የምሄድበት ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ሙሉ ከሰዓት አነብ ነበር። ማንም ማስረጃ አልጠየቀኝም። ልትሄዱበት ያሰባችሁትን አገር ከቪዛው በፊት በዚህ በኩል እወቁት፤ ቋንቋውን ጀምሩ፤ ስለ ምግባቸው፣ ስለ ክረምታቸው፣ ስለሚያስቀይማቸው ነገር ጠይቁ።

ለእናቶች የምነግረው አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከዚህ አካባቢ ወደ ዐረብ አገሮች የሄዱ ብዙ ልጆች አሉን። እዚያ የውጭ ኤምባሲ የሚባለው የኛው ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 36 የታሰረ የውጭ ዜጋ የአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል፤ ይህ መብቱም ሳይዘገይ ሊነገረው ይገባል ይላል። ልጃችሁ ከመሄዷ በፊት በምትሄድበት አገር ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በቃሏ ትያዘው፤ ስልኳንም ፓስፖርቷንም አሠሪዋ ቢወስድባት በቃሏ ያለውን ማንም አይወስድባትም። የፓስፖርቷን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀምጡ። ቤት ወይም መሬት ለመሸጥ ውክልና የምትልክላችሁ ከሆነ ኤምባሲው ካረጋገጠው በኋላ እዚህ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያየዋል፤ ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። አንዱ ደረጃ ከተዘለለ ወረቀቱ አይሠራም።

ወደ መንዟ እናት ልመለስ። ያኔ ማመልከቻ የሚቀበለው ኤምባሲው ራሱ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ለዚሁ ለተቋቋሙ ድርጅቶች ሰጥተውታል። ወረፋ ስንጠብቅ «ለምን ይመለሳሉ ብለው ከጠየቁዎት ቤትዎንና ከብትዎን ይንገሩ» ብዬ መከርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ተጠሩ፤ እኔ ውጭ ቀረሁ። ሲወጡ የነገሩኝ ይህን ነው፦ ቆንስሏ ሴት ናት። «ለምን ይመለሳሉ?» አለቻቸው። «የባለቤቴ ሙት ዓመት ሰኔ 12 ነው፤ ተዝካሩን ሳላወጣ የት እቀራለሁ?» አሏት። አስተርጓሚው ተዝካር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከመ፤ ጠላው፣ ድንኳኑ፣ ካህናቱ፣ ድኾች የሚበሉት። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀምጣ ሰማች።

ቪዛው ተሰጣቸው። ልጃቸውን አርሰው፣ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ ግንቦት ላይ ተመለሱ። ሰኔ 12 መንዝ ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጡት ካህናት ጉዟቸውን ሲያወሩ ደረስሁ፤ ስለ ፓሪስም ስለ አውሮፕላኑም አይደለም የሚያወሩት። «ያቺ ፈረንጅ» ይላሉ፣ «መጨረሻ ላይ ‘ባለቤትዎ ማን ይባሉ ነበር?’ ብላ ስሙን ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ጻፈችው።»